ሰባት ዓመት ያላበበችው ሱናካሪ

ሳንቻማያ በካሊምፖንግ ኮረብታዎች ላይ፣ ከቲስታ ወንዝ ሽቅብ በሚወጣው መንገድ ዳር፣ የመጥረጊያ ሣር እያበቀለች የምትኖር ሴት ናት። በመንደራችን መጥረጊያ የማያስር ሰው የለም፤ የሷ ግን እጀታው አይላላም፣ ሣሩ አይረግፍም። ዝምተኛ ናት። «ሳንቻማያን ዛሬ ብትሰድባት የዛሬ ሳምንት ትመልስልሃለች» እያሉ ይቀልዱባታል። ቀልዱ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ሳምንት ሙሉ ሲታሽ የከረመ መልስ ስለሆነ ደህና አድርጎ ይገባል።

ባሏ ሃርካባሃዱር የመንገድ ሠራተኛ ነበር። ተራራው ተንዶ መንገድ ሲዘጋ፣ ነፋስ ዛፍ ሲጥል፣ አካፋና መጋዙን ይዞ የሚወጣው እሱ ነው። አንድ ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል የተነሣ ነፋስ ትልቅ ዛፍ ከነሥሩ ገነደሰና ግንዱን ከመንገድ ሲያነሣ ውሎ፣ ማታ ኮቱን አውልቆ አንድ ነገር ጠቅልሎበት መጣ።

«ሁለተኛ ሚስት አመጣሁብሽ» አላት ከደጅ።

«አልጋ የለንም፤ በረንዳ ላይ ትደር» አለችው።

ኮቱ ውስጥ የነበረችው ሱናካሪ ናት፤ የከተማ ሰዎች ኦርኪድ የሚሏት። ሱናካሪ በኛ ኮረብታ ብርቅ አይደለችም፤ ዛፍ ላይ ተንጠልጥላ የምትኖር፣ አፈር የማትፈልግ፣ በየበረንዳው በዘይት ቆርቆሮና በቀርከሃ ቅርጫት የምትሰቀል አበባ ናት። ሁሉም ቤት ያለችው ግን ሐምራዊ ናት። ይቺኛዋ ነጭ ነበረች። ወተት የመሰለ ነጭ፣ ጉሮሮዋ ብቻ እንደ በሰለ እንጆሪ የጠቆረ። ሃርካባሃዱር በከሰልና በዛፍ ቅርፊት ቅርጫት ውስጥ አስሮ ሰቀላት። ሁለት ሳምንት አብባ ቆየች፤ ሁለቱም ከሥራ ሲመለሱ ሻያቸውን ይዘው ፊት ለፊቷ እየተቀመጡ ያዩዋት ነበር። በዚያው ክረምት ሃርካባሃዱር ሳንባውን ታመመና አሥራ ስምንት ቀን ተኝቶ ሞተ።

እዚህ ላይ ስለ ሚቲኒዋ መናገር አለብኝ። ሚቲኒ ማለት በአገር ደንብና ሥርዓት የተሳሰረች እህት ናት። ሳንቻማያ ያገኘቻት ባሏ ከመሞቱ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ፣ በቅዳሜ ገበያ ነው። ዝንጅብል ሻጩ የአንዷን መልስ ለሌላዋ ሰጥቶ «መንታ መስላችሁኝ ነው» አለ። እውነትም ጉንጫቸው፣ ግንባራቸው፣ ቁመታቸው ሳይቀር አንድ ነው። በኛ አገር ፈጣሪ ከአንድ ቁራጭ የቀደዳቸው ሁለት ሴቶች ዝም ብለው አይተላለፉም። ሽማግሌ ተጠርቶ፣ ልብስ ተለዋውጠው፣ ግንባራቸው ላይ ቀይ ተቀብተው፣ ሦስት ጊዜ እጅ ከተነሣሡ በኋላ ሚቲኒ ይባላሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዷ የሌላዋን ስም አትጠራም። ቤት እየተቃጠለ እንኳ «እርስዎ» እንጂ «አንቺ» አይባባሉም። መጣላት ነውር ብቻ ሳይሆን ኃጢአት ነው። አንዷ ስትሞት ሌላዋ እንደ ሥጋ ዘመድ ሐዘን ትቀመጣለች። ስለዚህ እኔም ሴትዮዋን በስሟ አልጠራትም፤ የሠራችው ሥራ ደንብ ለመጣስ ምክንያት አይሆነኝም።

ሃርካባሃዱር የሞተ ጊዜ ሚቲኒዋ ያደረገችላትን ማንም አላደረገላትም። አሥራ ሦስት ቀን ሐዘን አብራት ተቀመጠች። ጨው የሌለው ሩዝ አብራት በላች፤ አብራት መሬት ላይ ተኛች፤ ፍየሎቿን አለበች። እውነቱን ልናገርና ደግ ነበረች። የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ ክፉ ብቻ ብትሆን ኖሮ ማንም አይሞኝላትም ነበር።

ሳንቻማያን ከሞቱ በላይ የጎዳት አንድ ነገር ነበር። በኛ ደንብ ለሞተ አባት ውሃ የሚያፈስለት ወንድ ልጁ ነው፤ ልጅ የሌለው ሙት በወዲያኛው ዓለም ይጠማል ይባላል። እነሱ ደግሞ አልወለዱም። በአሥራ አራተኛው ቀን፣ ለቀስተኛው ሁሉ ሲሄድ፣ ለሚቲኒዋ ይህንኑ አነሣችባት።

«ማን ያጠጣዋል?» አለች። «እኔ ሴት ነኝ፤ የኔ ውሃ አይደርሰውም።»

ሚቲኒዋ ተነሥታ ወደ በረንዳው ሄደችና ቅርጫቱን ነካ አደረገችው።

«ይቺን ያጠጡ» አለቻት። «በእጁ ያመጣት ናት። እሷ ስትጠጣ እሱም ይጠጣል። አንድ ቀን እንኳ አይጥማት።»

ሳንቻማያ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግባ በላች።

ምክሩን የሰጠቻት ሰው አበባ የማታውቅ ብትሆን ምንም አልነበረም። ሚቲኒዋ ግን ከተማው ውስጥ ባለ ችግኝ ጣቢያ አሥራ ስምንት ዓመት ሠርታለች። ሽንኩርት መስለው ከሚተከሉት አበቦች ጀምሮ በመስታወት ቤት እስከሚያድጉት ድረስ የማታውቀው የለም። ስለዚህ ሳንቻማያ የሰማችውን ሁሉ እንደ ሐኪም ትእዛዝ ፈጸመች። ክረምቱ አልፎ የብርዱ ወር ሲገባ ሱናካሪዋን ከበረንዳ አንሥታ ምድጃ አጠገብ ሰቀለቻት። ጧት ንጹሕ ውሃ፣ ማታ የሩዝ እጣቢ። ውሃውን ስታፈስ «ጠጣ» ትላለች፤ ለማን እንደምትል ታውቃለች።

በሚቀጥለው ዓመት፣ አበባ በሚጠበቅበት ወር፣ ከአገዳው አንጓዎች ላይ አረንጓዴ ነገር ብቅ ብቅ አለ። ሳንቻማያ ደስታዋን የምትይዝበት አጣች። በሁለት ሳምንቱ ያ ነገር ሁለት ቅጠል አወጣ፤ ከሥሩም እንደ ክር የቀጠነ ነጭ ሥር። አበባ አልነበረም። ትንንሽ ሱናካሪዎች ነበሩ።

«ልጅ ወለደች» አለቻት ሚቲኒዋ። «አይዘኑ። እነዚህ እናታቸውን እየጠቧት ነው፤ ስለዚህ ነው ያላበበችው። እኔ ወስጄ ላሳድግልዎት፤ እሷም ትረፍ።»

እናም በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ወሰደቻቸው። በዓመቱም ሱናካሪዋ ልጅ ወለደች። በሦስተኛውም። ሚቲኒዋ በየዓመቱ ወሩን ጠብቃ ቅርጫቷን አንጠልጥላ ትመጣለች፤ ሳንቻማያም ሻይና ቀለበት የመሰለ የሩዝ ብስኩት ታቀርብላታለች፤ ግልገሎቹን በጥፍሯ እየቆነጠረች ታስረክባታለች። ጎረቤቷ ሃስታማያ አንድ ጊዜ በአጥር ላይ ተንጠራርታ «እህቴ፣ ከባለቤቱ በላይ ያወቀ ቡዳ ነው» ብትላት፣ ሳንቻማያ ሁለት ወር አኮረፈቻት።

የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያን ነጭ አበባ በሕይወቷ አንድ ጊዜ ደግማ ማየት። ባሏና እሷ ፊት ለፊት ተቀምጠው ያዩት የመጨረሻ ነገር እሱ ነው። ፎቶግራፉ ውስጥ ያለው ሃርካባሃዱር ኮስታራ ነው፤ አበባዋ ፊት የነበረው ግን ይስቅ ነበር። አበባዋን ካየሁ ሳቁ ትዝ ይለኛል ትላለች። እንዲህ እያለች ሰባት ዓመት አጠጣች።

በሰባተኛው ዓመት ጥርሷ አመማትና ወደ ታች ከተማ ወረደች። ሐኪሙ ነቀለላትና አፏን በጥጥ ሞልቶ «ሁለት ሰዓት እንዳትናገሪ» አላት። እሷን አትናገሪ ማለት ዓሣን ዋኝ ማለት ነው። ጉንጯ እንዳበጠ ወደ መኪና መናኸሪያው ስትሄድ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ቤት አጥር አጠገብ አለፈች። ቀና ስትል፣ በረንዳው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጭ ሱናካሪ ተሰቅሏል። ሠላሳ ይሆናል፣ ከዚያም ይበልጥ ይሆናል። ሁሉም አብቧል። ጉሮሮው እንደ በሰለ እንጆሪ የጠቆረ።

እግሯ ራሱ ወደ ውስጥ አስገባት። አትክልተኛው ኦንግደን የሚባል የሌፕቻ ጎሳ ሽማግሌ ነው፤ ወሬ ከተሰጠው ውሃ ማጠጣቱን የሚረሳ ዓይነት።

«ጥርስ ነው?» አላት ጉንጯን አይቶ። «አይዞሽ። እኔ ሁሉንም አስነቅዬ ጨርሼአለሁ፤ አሁን ሰላም ነው።»

ሳንቻማያ ወደ አበቦቹ ጠቆመች።

«ወደድሻቸው? ሁሉም ሰው ምን ብታበላቸው ነው ይለኛል። ምስጢሩ ምንም አለማብላት ነው እህቴ። ክረምቱ አልፎ ከሚውለው ከመብራቱ በዓል ጀምሮ እንቡጥ እስኪያወጡ ጠብታ አላቀምሳቸውም። ብርድ ላይ አወጣቸዋለሁ። ቅጠላቸው ይረግፋል፣ አገዳቸው ይጨማደዳል፣ እኔን ይመስላሉ። ሱናካሪ የምትሞት ካልመሰላት አታብብም። በበጋ ካጠጣሻትማ ልጅ ትወልድልሻለች እንጂ አበባ የሚባል አታሳይሽም።»

ሳንቻማያ እንደገና ጠቆመች፤ በእጇም ከየት ብላ ጠየቀች።

«ከየት መጡ ነው የምትይው? አንዲት ሴትዮ ናት የምታመጣልን። ይሄን ሙያ ያስተማረችኝም እሷ ናት። በየዓመቱ ስድስት ሰባት ግልገል ታመጣለች።» ኦንግደን ዓይኑን አጥብቦ አያት። «ቆይ እስቲ፣ ትመስያታለሽ እኮ። ጉንጭሽ ባያብጥ እሷ ነሽ ብዬ ሻይ አቀርብልሽ ነበር። እህትሽ ናት?»

ሳንቻማያ ያበጠ ጉንጯን በእጇ ሸፈነች።

«ብልህ ናት» አለ ኦንግደን። «እናቲቱን ቤቷ አታስቀምጥም። ላይኛው መንገድ ዳር አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት አለች አሉ። ባሌን አጠጣለሁ ብላ በጋ ከክረምት የሩዝ እጣቢ ታንቆረቁርባታለች። አበባዋ ትወልዳለች፣ የኛዋ ሴትዮ ትለቅማለች። ሴትዮዋ ይህን ስታጫውተን በሳቅ ሞትን። እንዲህ ያለች የምትታለብ ላም ለሁላችንም ይስጠን አልናት።»

ኦንግደን ይህን የተናገረው ክፋት ኖሮበት አይደለም። ጨዋታ ነው ብሎ ነው። ሳንቻማያ እጅ ነሥታው ወጣች።

መኪና አልተሳፈረችም። ሽቅቡን በእግሯ ወጣችው። መንገድ ላይ ጥጡን ተፋችው፤ ደሙ ቆሟል፤ መናገር ትችል ነበር፤ የምታናግረው ሰው ግን አልነበረም። ከሌላ ሰው በደል ሲደርስባት ሮጣ የምትነግረው ለሚቲኒዋ ነበር። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ ሰው ግን እስኪወድቅ ድረስ ፈረሱ የሌላ ሰው ይመስለዋል። ግልገሎቹን ወሰደችብኝ ብላ አልተናደደችም። ብትጠይቃት ሁሉንም በደስታ ትሰጣት ነበር። የመጀመሪያው ዓመት ምክርም ቢሆን ሐዘኔን ለማስታገስ ነው ልትል ትችላለች። ሆዷን የቆረጣት ሳቁ ነው። ማታ ማታ «ጠጣ» እያለች ያፈሰሰችው ውሃ፣ ለማንም ያልነገረችው፣ ለአንዲት ሰው ብቻ የነገረችው ሐዘን፣ የአትክልተኞች ቡና ማጣጫ ሆኗል።

ቤቷ ስትደርስ ሱናካሪዋ ምድጃው አጠገብ እንደ ወትሮዋ ስድስት ልጅ ታቅፋ ተሰቅላለች። ሳንቻማያ አንድ በአንድ ቆንጥራ ለፍየሏ ወረወረችላት። ፍየሏ ሁለቱን በላችና የቀሩትን ተፋቻቸው፤ የቀሩትን ሳንቻማያ ራሷ ረገጠቻቸው። ከዚያ አለቀሰች፤ ግልገሎቹ ምን አደረጉ?

በሦስተኛው ቀን ሚቲኒዋ ቅርጫቷን አንጠልጥላ መጣች። ገና ሳትቀመጥ «ልጆቹስ?» አለች።

«ፍየሏ በላቻቸው» አለች ሳንቻማያ።

«ስድስቱንም?»

ስድስት መሆናቸውን ሳንቻማያ አልነገረቻትም። ባለፈው ስትመጣ ቆጥራቸው ሄዳለች ማለት ነው።

«ስድስቱንም» አለቻት።

ሚቲኒዋ ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና ዓይኖቿ እንባ ሞሉ። ሳንቻማያ ሻይ እየቀዳች አስተዋለቻት፤ ሃርካባሃዱር የሞተ ጊዜ እንኳ እንዲህ ቶሎ አላለቀሰችም።

ለምን ያኔውኑ አልጠየቀቻትም የሚል ይኖራል። ሚቲኒን ፊት ለፊት «ዋሽተሻል» ማለት በኛ ዘንድ የእናትን መቃብር እንደመቆፈር ነው። ግን ሰበቡ ደንቡ ብቻ አይደለም። ሳንቻማያ አንድ ነገር ፈለገች፤ ሚቲኒዋ ራሷ እንድትነግራት። ራሷ ከነገረችኝ ይቅር እላታለሁ ብላ በልቧ ቆረጠች። «ሚቲኒ፣ በድዬዎታለሁ» ብትላት፣ ያን አሥራ ሦስት ቀን ጨው የሌለው ሩዝ የበላችበትን አስባ ሁሉንም ልትረሳው ነው። ሰውን ማመን ቀብሮ ነው የሚለውን ተረት ሰምታለች፤ እሷ ግን በሕይወት ሳለች ነበር ልታምናት የፈለገችው። ስለዚህ ዝም አይነቅዝም ብላ ጠበቀች። ክረምቱ መጣ፣ መንገዱ ተናደ፣ ዝንጅብሉ ተነቀለ። ሚቲኒዋ በየሳምንቱ ትመጣለች፤ ያወራሉ፤ ይሳሳቃሉ። ሳንቻማያ ስትስቅ ጥርሷ የተነቀለበት ቦታ ይታያል።

ሚቲኒዋ በብርዱ ወራት ደረቷን ስለሚይዛት ሜዳው አገር፣ ሲሊጉሪ ያለችው ልጇ ዘንድ ወርዳ ትከርማለች። የመብራቱ በዓል አልፎ ጓዟን በምትቋጥርበት ቀን ሳንቻማያ ለመሰናበት ቤቷ ሄደች። መንገዱን ሁሉ ስትለማመደው የሄደችውን ነገር ጠየቀች።

«ሚቲኒ፣ እርስዎ ከኔ የተሻለ ያውቃሉ። ምናልባት ውሃው በዝቶባት ይሆን የማታብበው?»

ሚቲኒዋ ገመድ እየቋጠረች ነበር። እጇ ቆመ። ሳንቻማያ ጠበቀች፤ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታላታለች፤ መግባት ብቻ ነው የቀራት።

«ባልዎ ሲጠማው ያስችልዎታል?» አለቻት ሚቲኒዋ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

«አያስችለኝም» አለች ሳንቻማያ።

«እንግዲያው ያጠጡ» ብላ ቋጠሮውን በጥርሷ አጠበቀችው።

ሳንቻማያ በማግስቱ ሱናካሪዋን ከምድጃው አንሥታ ከቤቱ ጀርባ፣ ከፍየሎቹ ጉረኖ ጣሪያ ሥር፣ ነፋስ በሚያፏጭበት ሰቀለቻት። ውሃም ነፈገቻት። ይህ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሰባት ዓመት የለመደ እጅ ጧት ሲነጋ ማሰሮውን ራሱ ያነሣል። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ጊዜ ጉረኖው ድረስ ሄዳ ተመለሰች። በኋላ ማሰሮውን ከጓሮው ብርቱካን ዛፍ ሥር እየደፋች «አንተ እዚህ ጠጣ፤ እሷን ለጊዜው ተዋት» ትለው ጀመር። ይድረሰው አይድረሰው አታውቅም። ሌሊት አመዳይ ይወርዳል፤ ጧት ሄዳ ስታያት ቅጠሎቿ ቢጫ ሆነው መሬት ላይ ረግፈዋል፤ አገዳዎቿ እንደ አሮጊት ጣት ተጨማደዋል። ሳንቻማያ ነፍስ የምትገድል መሰላት።

«ምነው እህቴ፣ ይቺን ምስኪን ለማገዶ ፈለግሻት?» አለቻት ሃስታማያ በአጥሩ ላይ።

«እውነቱን እንድትነግረኝ ነው» አለች ሳንቻማያ። ሃስታማያ አልገባትም፤ ግን ከሁለት ወር ኩርፊያ ወዲህ ብዙ መጠየቅ ትታለች።

የመጥረጊያ ሣሩ ታጭዶ ባለቀበት ሰሞን ከአገዳው አንጓዎች ላይ አረንጓዴ ነገር ብቅ አለ። እዚህ ላይ ነው ሳንቻማያ የተጨነቀችው። ግልገልም እንቡጥም ሲጀምር አንድ ዓይነት ነው፤ ስንዴ የሚያህል ጫፍ። ግልገል ከሆነ ኦንግደን ተሳስቷል ማለት ነው፤ ኦንግደን ከተሳሳተ ደግሞ ሚቲኒዋ ምናልባት ንጹሕ ናት። አሥር ቀን ሙሉ ጧትና ማታ እየሄደች ስታይ፣ የትኛው እንዲሆን እንደምትመኝ ራሷም አታውቅም ነበር። አንዳንድ ጧት ግልገል ቢሆን ብላ ተመኘች። ሰባት ዓመት የናፈቀችውን አበባ በአንዲት ሴት ንጽሕና ልትለውጥ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጫፎቹ ክብ ሆኑ። ቅጠል ክብ አይሆንም።

ነጩ የተከፈተ ቀን ሳንቻማያ ፍየል ልታልብ ወጥታ ነው ያየችው። በራቁቱ አገዳ ላይ ሁለት ሁለት ሦስት ሦስት እየሆነ፣ ከሥር እስከ ጫፍ። ጉሮሮው ጥቁር። ማለቢያዋን ይዛ ቆመች። የሃርካባሃዱር ሳቅም መጣ፤ ያ የፊት ጥርሱን በምላሱ እየነካ የሚስቀው ሳቅ። ትንሽ አለቀሰችና ማለቢያውን አስቀምጣ ወደ አጥሩ በር ሮጠች። በሩን ከፍታ ወደ ታች መንገድ ከጀመረች በኋላ ነው ወዴት እንደምትሄድ ያወቀችው። ለሚቲኒዋ ልትነግራት ነበር። እግሯ ገና አልሰማም። መንገድ መሃል ቆማ ለራሷ አዘነች፤ ከዚያ ተመልሳ ፍየሏን አለበች።

ከሳምንት በኋላ ሚቲኒዋ ከሜዳው አገር ተመለሰች። በማግስቱ ጧት መጣች። ደረቷ ድኖላታል፤ ፊቷ ወዝ አውጥቷል። ከልጇ ዘንድ ያመጣችውን የኮኮናት ጣፋጭ አቀረበች፤ ሦስት ጊዜ እጅ ተነሣሡ። ሳንቻማያ ሻይ ቀዳች። ስለ ልጇ ባል አወሩ፤ ስለ ሜዳው ትንኝ ተሳሳቁ። የሚቲኒዋ ቅርጫት አጠገቧ ነው፤ ከውስጡ የረጠበ ጨርቅ ጫፍ ይታያል።

ሳንቻማያ ያን እርጥብ ጨርቅ ባታይ ይሻላት ነበር። እንዲያም ሆኖ አንድ ዕድል ልትጨምርላት ፈለገች።

«አሮጊቷስ እንዴት ናት?» አለች ሚቲኒዋ። «ዘንድሮ አበበች?»

«እንደ ወትሮዋ ናት» አለች ሳንቻማያ። «አሁንስ ደክሞኛል ሚቲኒ። ስምንት ዓመት ሆነ። የማጠፋው ነገር ካለ ይንገሩኝ። እኔ ሞኝ ነኝ፤ እርስዎ ብቻ ነዎት ያሉኝ።»

ከዚህ በላይ ሰው ሰውን አይለምንም። ሚቲኒዋ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። የሳንቻማያን እጅ ያዘች፤ እጇ ሞቃት ነው፤ የያዘችውም ከልቧ ነው፤ ይህን ሳንቻማያ እስከ ዛሬ ትመሰክራለች።

«ምንም አላጠፉም» አለቻት። «አንዳንዷ እንዲህ ናት፤ ትወልዳለች እንጂ አታብብም። እርስዎ ብቻ ማጠጣቱን አይተዉ፤ እሱ ይጠብቅዎታል። ልጆቹን ደግሞ ለኔ ይስጡኝ። ዘንድሮስ ፍየሏን ይሰሩልኝ።»

ሳንቻማያ የተያዘ እጇን አልሳበችም። በዚያው እጅ ሚቲኒዋን ይዛ አስነሣቻት፤ በምድጃው አጠገብ አሳለፈቻት፤ ሱናካሪዋ ትሰቀልበት የነበረው ሚስማር ባዶ ነው፤ ሚቲኒዋ ሚስማሩን ዘወር ብላ አየችው። በጓሮ በር ወጡ። ጉረኖውን ዞሩ።

የጧት ፀሐይ ቀጥታ ወርዶባታል። አንድ ቅጠል የላትም፤ ሁለመናዋ አበባ ነው።

ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ቆሙ። ሳንቻማያ አበባዋን አላየችም፤ ሳምንት ሙሉ አይታታለች። ያየችው የሚቲኒዋን ፊት ነው፤ ከገዛ ፊቷ ጋር አንድ የሆነውን። አሁንም ትጠብቅ ነበር። «ታምራለች» ብትል ይበቃታል። ብታለቅስ ይበቃታል። ዝም ብትልም ዝምታዋን ይቅርታ ብላ ልትቀበለው ተዘጋጅታለች።

ሚቲኒዋ የራስ መሸፈኛዋን አስተካከለች። አበባዋን አየች፣ ደረቁን ከሰል አየች፣ ከዚያ ወደ ሳንቻማያ ዞረች።

«ማን ነገረዎት?» አለች።